‹‹በገዛ ፈቃዳችን ተስማምተናል››

ከእኛ ትውልድ ብዙዎቻችን ክራኮቭ የምትባለውን የፖላንድ ከተማ የተዋወቅናት በዲቪዲ ነው፡፡ የስቲቨን ስፒልበርግን ‹‹ሺንድለርስ ሊስት›› (1993) ተከራይተን፣ በጥቁርና ነጩ ምስል መሀል ያቺን ቀይ ኮት የለበሰች ሕፃን በዓይናችን ተከትለን፣ አልቅሰን፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ተኝተናል፡፡ ቆይተን ስለ ከተማዋ ስናነብ ግን አንድ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን፡፡ ናዚዎች በ1941 የክራኮቭን አይሁዶች ያጎሩት ከቪስቱላ ወንዝ ማዶ፣ ፖድጉዤ በሚባለው ሰፈር ነበር፡፡ ፊልሙ ግን የጌቶውን ትዕይንቶች በብዛት የቀረጸው ከወንዙ ወዲህ፣ ካዚሚየሽ በሚባለው የቀድሞ የአይሁድ ከተማ ውስጥ ነው፡፡

ፊልሙን አንወቅስም፡፡ ያረጀ ግድግዳና ጠባብ መንገድ ለካሜራ ይመቻል፡፡ ችግሩ እኛ ጋር ነው፡፡ ካዚሚየሽን ከ1941 ተነስተን ወደ ኋላ ስናነበው፣ እዚያ የኖሩት ሰዎች ለአራት መቶ ዓመታት ተቀምጠው ሞታቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ይመስለናል፡፡ አልነበሩም፡፡ ነግደዋል፤ ከስረዋል፤ ተካሰዋል፤ ልጅ ድረዋል፤ በግብር ድልድል ተጨቃጭቀዋል፤ ዛሬም ድረስ የሚጠና መጽሐፍ ጽፈዋል፡፡ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከከተማው ምክር ቤት ጋር ትውልድ ከትውልድ በወረቀት ተፋልመዋል፡፡ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ የወረቀት ፍልሚያ ነው፡፡ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ከወረቀቶቹ ሁሉ እንቅልፍ የነሳን የ1485ቱ ነው፡፡ በዚያ ዓመት የክራኮቭ አይሁድ ማኅበረሰብ ሽማግሌዎች ከከተማው ምክር ቤት ጋር አንድ ስምምነት ፈረሙ፡፡ በስምምነቱ መሠረት አይሁዶች በከተማዋ ውስጥ መነገድ ያቆማሉ፡፡ የተተወላቸው ጥቂት ነገር ነው፡፡ ያበደሩት ሰው ዕዳውን ሳይከፍል ቀርቶ በእጃቸው የቀረውን የመያዣ ዕቃ መሸጥ ይችላሉ፤ እሱንም በገበያ ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፡፡ ድሆች የሆኑ አይሁድ ሴቶች ደግሞ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ቆብና አንገትጌ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው፡፡ ይኸው ነው፡፡ ሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ የተቀበሉት በገዛ ፈቃዳቸው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው እንደሆነም ወረቀቱ ራሱ ይናገራል፡፡

እስቲ አስቡት፡፡ ማነው ማንም ሳያስገድደው እንጀራውን ለጎረቤቱ ፈርሞ የሚሰጥ? ሳይገደድ የፈረመ ሰውስ ‹‹አልተገደድኩም›› ብሎ መጻፍ ለምን ያስፈልገዋል?

ከተማ ማለት ማኅበር ነው

ወረቀቱን ለመረዳት በዚያ ዘመን ‹‹ከተማ›› ማለት ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ ለእኛ ከተማ ቦታ ነው፤ ሕንፃ፣ ታክሲ፣ አቧራ፣ ሰው፡፡ ለእነሱ ግን ከተማ በመጀመሪያ ደረጃ ማኅበር ነበር፡፡ ክራኮቭ በ1257 የማግደቡርግ ሕግ የሚባለውን፣ ከጀርመን ከተሞች የተወሰደውን መተዳደሪያ ስታገኝ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ፍርድ ቤት፣ የራሷ ገበያና የራሷ ሚዛን ያላት አካል ሆነች፡፡ የዚህ አካል አባል ለመሆን መመዝገብ፣ መማልና መክፈል ይጠይቃል፡፡ ክርስቲያን መሆንም የግድ ነው፡፡ ልብስ መስፋት፣ ዳቦ መጋገር፣ ቆዳ ማልፋት የፈለገ ደግሞ የሙያው ማኅበር ውስጥ መግባት አለበት፡፡ ስለዚህ በከተማዋ ውስጥ መኖርና የከተማዋ ሰው መሆን ለየቅል ነበሩ፡፡ አንድ አይሁዳዊ አያቱም አባቱም ክራኮቭ ተወልደው ክራኮቭ ቢቀበሩ እንኳ የክራኮቭ ሰው አይባልም፡፡

ታዲያ የማን ሰው ነበር? የንጉሡ፡፡ በ1264 የታላቋ ፖላንድ መስፍን ቦሌስዋፍ ‹‹ጻድቁ›› ካሊሽ ላይ ለአይሁዶች አንድ የመብት ደብዳቤ ሰጠ፡፡ በ1334 ንጉሥ ካዚሚየሽ ሣልሳዊ፣ ‹‹ታላቁ›› የሚባለው፣ አጸደቀው፤ ኋላም ለመላ ግዛቱ አሰፋው፡፡ ደብዳቤው ለዘመኑ የሚገርም ነበር፡፡ ምኩራብና መቃብር ይጠብቃል፡፡ አይሁዶች የክርስቲያን ልጅ ገድለው ደሙን ይጠቀማሉ እያሉ በባዶ ሜዳ መክሰስን ይከለክላል፡፡ እኛን በጣም የማረከን ደግሞ አንድ ትንሽ አንቀጽ ነው፡፡ አይሁዳዊ በሌሊት ‹‹ድረሱልኝ!›› ብሎ ሲጮህ ሰምቶ ያልደረሰ ክርስቲያን ጎረቤት 30 ሺሊንግ ይቀጣል፡፡ ጎረቤትነትን በሕግ ያስገደደ መንግሥት ብዙ አናውቅም፡፡

(ስለ ካዚሚየሽ ታላቁ ሲነሳ አስተርካ የምትባል አይሁዳዊት ውሽማ ነበረችው፣ ያን ሁሉ ያደረገው በፍቅሯ ነው የሚል አፈ ታሪክ አለ፡፡ ፍቅር አንጠላም፡፡ ግን ንጉሡ አገር የሚገነባበት ብድርና ግብር እንደሚያስፈልገው ለመረዳት አስተርካን መጥራት አያሻም፡፡)

አይሁዶች በንጉሡ ግምጃ ቤት ሥር ስለሆኑ የሚዳኛቸው የከተማው ፍርድ ቤት ሳይሆን ቮይቮዳ የሚባለው የንጉሡ የአውራጃ ገዢ፣ ወይም እሱ የሾመው ዳኛ ነው፡፡ እዚህ ላይ ነው የነገሩ ቋጠሮ፡፡ ከምክር ቤቱ ዓይን ሲታይ በቅጥሩ ውስጥ የሚኖሩ፣ በገበያው የሚነግዱ፣ ለእሱ ግን የማይታዘዙ ሰዎች አሉ፡፡ ከአይሁዶቹ ዓይን ሲታይ ደግሞ ጎረቤታቸው የሆነው ከተማ አያውቃቸውም፤ የሚያውቃቸው ሩቅ ያለ ንጉሥ ነው፤ ያም ንጉሥ ሲሞት ደብዳቤያቸው በአዲሱ ንጉሥ እንደገና መታደስ አለበት፡፡ ማሳደስ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድበትም፡፡

ሦስት ወረቀቶች

የ1485ቱ ስምምነት ከሰማይ የወረደ አልነበረም፡፡ ከእሱ በፊት በ1469 ሌላ ወረቀት ነበር፡፡ ዛሬ የቅድስት አና ጎዳና የሚባለው መንገድ ያን ጊዜ የአይሁድ ጎዳና ይባል ነበር፡፡ የክራኮቭ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታቸው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሲያድግ ቦታ ይፈልጋል፡፡ በዚያ ዓመት አይሁዶቹ ቤቶቻቸውን፣ ምኩራቦቻቸውንና የድኩማን መጠለያቸውን ለዩኒቨርሲቲው ለቀው በምትኩ በከተማዋ ሌላ ጥግ ቦታ ተሰጣቸው፡፡ በመሀል ሆኖ ያስማማው ታዋቂው የታሪክ ጸሐፊ ያን ድውጎሽ ነው፡፡ ይህም ‹‹ልውውጥ›› ነበር፡፡ ወረቀት ላይ ሁለቱም ወገን ተስማምቷል፡፡

በ1494 ክራኮቭ ውስጥ ትልቅ ቃጠሎ ተነሳ፡፡ እንደ ልማዱ ጣት ወደ አይሁዶች ተቀሰረ፤ ሰፈራቸውም ተዘረፈ፡፡ በ1495 በንጉሥ ያን ኦልብራክት ዘመን አይሁዶቹ ከክራኮቭ ወጥተው ከወንዙ ቅርንጫፍ ማዶ ወዳለችው ወደ ካዚሚየሽ ሄዱ፡፡ ካዚሚየሽን በ1335 የቆረቆራት ያው ንጉሥ ካዚሚየሽ ነው፤ ከክራኮቭ የተለየች፣ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ ቅጥር ያላት ከተማ ነበረች፡፡ ቀድሞም ጥቂት አይሁዶች ይኖሩባት ነበር፡፡ (ንጉሥ ያን ኦልብራክት በልጅነቱ ያስተማረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የ1469ኙን ልውውጥ ያስማማው ያው ድውጎሽ፡፡)

እንግዲህ ቁጠሩት፡፡ በ1469 ጎዳናቸውን፣ በ1485 ንግዳቸውን፣ በ1495 መኖሪያቸውን፡፡ ሃያ ስድስት ዓመት፡፡ በየመሀሉ ሁከት ነበር፤ ድንጋይ የሚወረውር፣ በር የሚሰብር ሰው አልጠፋም፡፡ ሁከት ግን በነጋታው ይበርዳል፡፡ ሳይበርድ የቆየው ማኅተም ያለበት ነገር ነው፡፡ ጨዋ ሰዎች፣ ጸሐፊዎች፣ የሕግ አዋቂዎች ተቀምጠው ቃል በቃል የተስማሙበት ነገር፡፡

ይህን ረቂቅ ስንነጋገርበት ከመካከላችን አንዱ ተቃወመን፡፡ ‹‹የከተማውን ነጋዴ ጭራቅ አደረጋችሁት፤ እሱም እኮ የተጨነቀ ሰው ነበር›› አለን፡፡ ሄደን ስናጣራ ልክ ነው፡፡ አይሁዶቹ ከክራኮቭ በወጡ በዓመቱ፣ በ1496፣ የመኳንንቱ ጉባኤ ፒዮትርኩፍ ላይ ተሰብስቦ የከተማ ሰዎች የገጠር መሬት እንዳይገዙ ከለከለ፡፡ ገበሬውንም ከመሬቱ ጋር አሰረው፡፡ መኳንንቱ በራሳቸው እርሻ ያመረቱትን ያለ ቀረጥ ያሳልፋሉ፤ የከተማው ነጋዴ ይቀረጣል፡፡ ስለዚህ የክራኮቭ ነጋዴ ከላይ በሩን ዘግተውበት ነበር፡፡ መኳንንቱን ሊነካ አይችልም፡፡ የሚነካው ከሥሩ ያለውን ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ማክሰኞና ዓርብ አንገትጌ የምትሸጥ ሴት አለች፡፡

ጓደኛችን ይህን ስንነግረው ‹‹ታዲያ ይኸው፣ ተረዳችሁት›› አለ፡፡ ተረድተነዋል፡፡ መረዳትና መማር ግን ይለያያሉ፡፡

ግንቡ ከውስጥ ሲታይ

ካዚሚየሽ ውስጥ የሆነው ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከጠበቅነው በላይ ያስደሰተንም ያስከፋንም ይኸኛው ነው፡፡

መጀመሪያ የሚያስደስተውን፡፡ ከክራኮቭ የተገፉት ሰዎች በካዚሚየሽ ምሥራቃዊ ጥግ፣ ሸሮካ በሚባለው ሰፊ ጎዳና ዙሪያ ከተማ በከተማ ውስጥ ሠሩ፡፡ ቦታው ሲጠባቸው ከካዚሚየሽ ምክር ቤት ጋር እየተደራደሩ በ1553፣ በ1583 እና በ1608 አሰፉት፡፡ በ1550ዎቹ ኢስራኤል የሚባል ባለጸጋ በመቃብሩ አጠገብ አንድ ምኩራብ አሠራ፡፡ ልጁ ሞሼ ኢሰርለስ ይባላል፤ በምኅጻረ ቃል ‹‹ረማ›› ይሉታል፤ ምኩራቡም ዛሬ ድረስ በእሱ ስም ይጠራል፡፡ የዚህን ሰው ሥራ እንንገራችሁ፡፡ በዚያ ዘመን ዮሴፍ ካሮ የሚባል ሊቅ በቅድስት ሀገር በጽፋት ከተማ ተቀምጦ የአይሁድን ሕግ በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበና ‹‹ሹልሐን ዓሩክ›› አለው፤ የተሰናዳ ገበታ ማለት ነው፡፡ መጽሐፉ በ1565 ቬኒስ ላይ ታተመ፡፡ ካሮ ግን የስፔን አይሁዶች ዘር ስለሆነ የፖላንድና የጀርመን አይሁዶችን ልማድ ዘልሎታል፡፡ ኢሰርለስ ካዚሚየሽ ሆኖ፣ በየአንቀጹ ሥር ‹‹በእኛ አገር ግን ልማዱ እንዲህ ነው›› የሚል ማስታወሻ አከለበት፡፡ ማስታወሻውን ‹‹ማፓ›› አለው፤ የገበታ ጨርቅ፡፡ ገበታውን ሰውየው አሰናድቷል፣ እኔ ጨርቁን አለበስኩት እንደማለት፡፡ በ1570 ገደማ መጽሐፉ ከነማስታወሻው ክራኮቭ ላይ ታተመ፡፡ ሁለቱ ዛሬም አንድ ላይ ነው የሚታተሙት፡፡ መነገድ ከተከለከሉበት ከተማ ደጃፍ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ እስከ ዛሬ የሕዝብን የዕለት ኑሮ ይመራል፡፡

ይኸው ኢሰርለስ ለቀድሞ ተማሪው በጻፈው ደብዳቤ፣ በዚህ አገር ያለው ጥላቻ እንደ ጀርመን የበረታ አይደለም፣ በሰላም የሚበላ ደረቅ እንጀራ ይሻላል የሚል ሐሳብ አስፍሯል፡፡ ይህን ልብ በሉልን፡፡ ፖላንድ ሲኦል ነበረች የሚል ሰው ካለ ኢሰርለስ አይስማማም፡፡ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ፖላንድ ‹‹የአይሁድ ገነት›› ናት የሚል አባባል ወጣ፡፡ ይህን አባባል አንዳንድ ሰው እንደ ሙገሳ ሲጠቅሰው እንሰማለን፡፡ ሲነገር ግን ምሬት ነበር፤ አይሁዶች በዝተው ተመቻቸው የሚል አሽሙር፡፡

አሁን ወደሚያስከፋው፡፡ የአይሁድ ከተማ የራሱ ምክር ቤት ነበረው፤ ካሃል ይባላል፡፡ በአይሁዶች የፋሲካ በዓል መካከል ባሉት ቀናት በዕጣ የወጡ መራጮች ተቀምጠው አለቆችን ይመርጣሉ፡፡ ዋናዎቹ አለቆች ፓርናስ ይባላሉ፤ በየወሩ እየተፈራረቁ ያስተዳድራሉ፡፡ ካሃሉ በ1595 በዪዲሽ ቋንቋ ያወጣው መተዳደሪያ ደንብ እስከ ዛሬ አለ፡፡ ምርጫው፣ መሐላው፣ ግብሩ፣ ገበያው፣ እንደ ገንዘቡ መጠን በሦስት ደረጃ የተከፈለው ፍርድ ቤት፣ ሁሉም በዝርዝር ተጽፏል፡፡ ከክራኮቭ ምክር ቤት ደንብ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ወንድማማች ናቸው፡፡

ወንድማማችነቱ ግን በመልኩ ብቻ አልነበረም፤ በጠባዩም ነው፡፡ የሚመርጠውም የሚመረጠውም ገንዘብ ያለው ነው፡፡ ካሃሉ ሳይፈቅድ ከሌላ ከተማ የመጣ አይሁዳዊ እዚያ መኖር አይችልም፤ የመኖሪያ መብት የሚባል ነገር ነበር፣ የሚሰጠውም የሚነፍገውም ካሃሉ ነው፡፡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከቦሂሚያ ተባርረው የመጡ አይሁዶች ካዚሚየሽ ሲገቡ ነባሮቹ የፖላንድ አይሁዶች እጃቸውን ዘርግተው አልተቀበሏቸውም፡፡ በረቢ ተጣሉ፤ በምኩራብ ተጣሉ፤ ጠቡ ንጉሥ ዚግሙንት ቀዳማዊ ዘንድ ደርሶ በ1519 እሱ እንዲፈርድ ሆነ፡፡ ሳይውል ሳያድር የተባረረው ሰው የበሩን ቁልፍ ሲያገኝ ያደረገው ነገር ይህ ነው፡፡ በ1564 ደግሞ ካሃሉ ከንጉሥ ዚግሙንት አውግስጦስ አንድ ደብዳቤ አገኘ፤ በአይሁድ ከተማ ውስጥ ክርስቲያን ቤትም ቦታም እንዳይገዛ የሚከለክል፡፡ ዋርሶ በ1527፣ ሉብሊን በ1535 አይሁድ እንዳይኖርብን የሚል ደብዳቤ አግኝተው ነበር፡፡ ካዚሚየሽ ደግሞ የመስታወቱን ምስል አገኘች፡፡

እዚህ ላይ ተጠንቅቀን መናገር እንፈልጋለን፡፡ ሁለቱ ደብዳቤዎች እኩል አይደሉም፡፡ ዋርሶ የዘጋችው ከተማ ሙሉ ነው፤ ካዚሚየሽ የዘጋው የተሰጠችውን ጥግ ነው፡፡ ሰዎቹ ሰፈራቸውን ቤት በቤት እንዳይነጠቁ ፈርተዋል፤ ከ1469 ጀምሮ ያዩትን ላየ ሰው ፍርሃቱ የሚያስወቅስ አይደለም፡፡ እኛን ያስጨነቀን ሌላ ነው፡፡ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ራስን መከላከያው ብቸኛ መንገድ ሌላውን መከልከል ነበር፡፡ ‹‹ሁላችንም እዚህ እንኖራለን›› የሚል ወረቀት አልነበረም፤ የሚጽፈው ጸሐፊም፣ የሚያትመው ንጉሥም አልተገኘም፡፡

የአየር ዋጋ

ደብዳቤ መያዝ ብቻውን አያኖርም፡፡ የካዚሚየሽ አይሁዳዊ ለንግድ ወደ ክራኮቭ ሲሻገር በተማሪዎች ደጃፍ ካለፈ ‹‹ኮዙባሌፅ›› የሚባል መክፈል ነበረበት፡፡ ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው፡፡ ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ቆመው ይቀበላሉ፤ ካልከፈለ ይደበድባሉ፡፡ ትርጉሙን ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልገንም፤ መንገድ ላይ ‹‹የሻይ›› ተብሎ ያልከፈለ እጁን ያውጣ፡፡

ለባለሥልጣኑም ስጦታ አለ፤ ለበዓል፣ ለሹመት፣ ለጉዳይ፡፡ ማኅበረሰቦቹ ይህን ሥራ የሚሠራ ‹‹ሽታድላን›› የሚባል ሰው ነበራቸው፤ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ደጅ የሚጠና፣ ማን ምን እንደሚወድ የሚያውቅ፡፡ የሀብታሙ ኢሳቅ ምኩራብ በ1638 የንጉሥ ፈቃድ አግኝቶ እንኳ ግንባታው እስከ 1644 ፈጀ፤ በአካባቢው ያለው ቤተ ክርስቲያን ካህን፣ ቅዱስ ቁርባን ይዘን በምኩራብ ፊት ልናልፍ ነው ወይ ብሎ ተቃውሞ ነበር፡፡ ንጉሥ የፈቀደልህን መሥራት እንኳ በየደረጃው ማስፈቀድ ይጠይቃል፡፡

ታዲያ የክራኮቭ ምክር ቤት ከዚህ ሁሉ ምን አተረፈ? እኛ እስከገባን ድረስ፣ በጣም ጥቂት፡፡ የ1485ቱ ወረቀት አይሁዶችን ከገበያ አላስወጣቸውም፡፡ ያስወጣቸው ከምክር ቤቱ ሥልጣን ነው፡፡ መኳንንቱ በከተሞች ውስጥና ዙሪያ የራሳቸው ይዞታ ነበራቸው፤ ‹‹ዩሪዲካ›› ይባላል፤ የከተማው ሕግም የሙያ ማኅበራቱ ክልከላም እዚያ አይሠራም፡፡ መኳንንቱ ለአይሁድ ነጋዴ ሱቅ ያከራያሉ፣ ኪራዩን ይበላሉ፣ ምክር ቤቱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል፡፡ ሉብሊን አይሁድ አይኑርብኝ ብላ ደብዳቤ ስታወጣ አይሁዶቹ ከግንቡ ሥር፣ የቤተ መንግሥቱ መሬት ላይ ኖሩ፤ መሬቱ የከተማው አይደለምና፡፡ በ1539 ደግሞ ንጉሥ ዚግሙንት ቀዳማዊ በመኳንንት ከተሞች ለሚኖሩ አይሁዶች ዳኛው ባለርስቱ ራሱ ይሁን ሲል ወሰነ፡፡ ጥቅሙን የሚወስደው ጌታ ጥበቃውንም ይስጥ ማለቱ ነበር፡፡ ከዚያ ወዲያ በርካታ አይሁዶች ወደ መኳንንቱ ከተሞች ሄዱ፡፡ ገበያውም ተከትሏቸው ሄደ፡፡ የንጉሥ ከተሞች ነጋዴ ተፎካካሪውን አባርሮ፣ ያባረረውን ሰው ዋነኛ ጠላቱ ለሆነው መኮንን ሸለመው፡፡

ጥቁር የለበሱት ሰዎች

ይህ ታሪክ እስከመጨረሻው ድረስ እንዴት እንደዘለቀ ለማየት ከክራኮቭ ወጣ ብለን ለአፍታ ዋርሶ መሄድ አለብን፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአገሪቱ ዋና ከተማ እሷ ነበረች፡፡ ዋርሶ የ1527ቱን ደብዳቤዋን አልጣለችም፡፡ በ1774 አንድ መስፍን ከከተማዋ ወጣ ብሎ በራሱ መሬት ላይ ለአይሁዶች ‹‹አዲሲቱ ኢየሩሳሌም›› የሚል ሰፈር መሠረተ፡፡ ብዙም ሳይቆይ የከተማው ነጋዴዎች ባቀረቡት አቤቱታ ሰፈሩ ተበተነ፣ ዕቃው ተወረሰ፡፡

በታኅሣሥ 1789 የ141 ከተሞች ተወካዮች ዋርሶ ላይ ተሰብስበው፣ ጥቁር ለብሰው፣ በሠረገላ ሰልፍ ወደ ንጉሡ ሄዱ፡፡ መሪያቸው የዋርሶ ከንቲባ ያን ዴከርት ነው፡፡ ጥያቄያቸው ‹‹እኛም ሰዎች ነን፤ መሬት እንግዛ፣ ያለ ፍርድ አንታሰር፣ በጉባኤው እንወከል›› የሚል ነበር፡፡ ሦስት መቶ ዓመት ከላይ ሲዘጋባቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ በዚያ ቦታ ብንሆን እኛም ጥቁር እንለብስ ነበር፡፡ በሚያዝያ 1791 የወጣው የከተሞች ሕግ ብዙውን ፈቀደላቸው፤ የግንቦት 3ቱ ሕገ መንግሥትም አካሉ አደረገው፡፡

በሁለቱ መሀል ግን ግንቦት 1790 አለ፡፡ የዋርሶ የእጅ ባለሙያዎች አይሁድ ልብስ ሰፊዎችና ቆዳ ሠሪዎች ይውጡልን ብለው በአይሁዶች ላይ ሁከት አነሱ፡፡ የ1791ዱ የከተሞች ሕግም አይሁዶችን አላካተተም፡፡ ለመብቱ ጥቁር የለበሰው ሰው፣ መብት ማለት አሁንም የአባላት ነገር እንደሆነ ያምን ነበር፡፡ የጠየቀው ወደ ክበቡ እንዲገባ ነው እንጂ ክበቡ እንዲፈርስ አይደለም፡፡

ይህን ስንጽፍ የተከራከርንበት ጥያቄ፣ ሰውየው ሌላ ነገር ማሰብ ይችል ነበር ወይ የሚል ነው፡፡ ‹‹በዘመኑ ማን አሰበ?›› ለሚለን መልስ አለን፡፡ በዚያው ጉባኤ ዘመን ስለ አይሁዶች መብት የሚከራከሩ በራሪ ጽሑፎች፣ በክርስቲያኖችም በአይሁዶችም የተጻፉ፣ በዋርሶ ይታተሙ ነበር፡፡ ሐሳቡ በመንገድ ላይ ነበረ፡፡ ተነበበ፤ ተወያዩበት፤ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፡፡ ሌላ ጊዜ አልመጣም፤ በ1795 ፖላንድ ራሷ ከካርታ ላይ ጠፋች፡፡

ወደ ካዚሚየሽ እንመለስ፡፡ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ካዚሚየሽ ራሷን የቻለች ከተማ መሆኗ ቀርቶ የክራኮቭ ክፍል ሆነች፡፡ የአይሁድ ከተማው ግንብ በ1822 ፈረሰ፡፡ በወረቀት ደረጃ ከ1495 ጀምሮ የተለያዩት ሰዎች እንደገና የአንድ ከተማ ነዋሪዎች ሆኑ ማለት ነው፡፡ ይሁን እንጂ በ1817 የወጣው ደንብ አይሁዶች መኖር ያለባቸው በዚያው በካዚሚየሽ እንደሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር ወደ መሀል ከተማ መግባት እንደማይችሉ ደንግጎ ነበር፡፡ ግንቡ ሲፈርስ ደንቡ በቦታው ቆሟል፡፡ ሙሉ የዜግነት መብት የመጣው በ1867 በኦስትሪያ ሕገ መንግሥት ነው፡፡ ክራኮቭንና ካዚሚየሽን የሚለየው የወንዝ ቅርንጫፍ ደግሞ ከዚያ በኋላ በ1870ዎቹ መጨረሻ ተደፍኖ፣ ሰፊ ጎዳና ሆኖ፣ ዛፍ ተተከለበት፡፡ ዛሬ የሚሻገረው ሰው ወንዝ እየተሻገረ እንደሆነ አያውቅም፡፡